ኩሽኔታ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ማሽንና ጥገና

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከመሃል ከተማ፣ ከሕንፃዎች ምድር ቤትና ጣሪያ የተጻፉ ናቸው። ፓምፕ፣ ፋን፣ ወፍጮ ይላሉ፤ ችግሩ ግን ይመሳሰላል። የሚሽከረከረው አካል መስመሩን ወይም ሚዛኑን ስቷል፣ ባለቤቱ ደግሞ ዕቃ እየገዛ ይቀይራል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ መልሻለሁ፤ የሌሎቹም መሠረት እሱ ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ፒያሳ ባለ ሆቴል የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ምድር ቤት ሆኖ ውሃ ወደ ጣሪያው ታንከር የሚገፋ ፓምፕ አለን፤ ሞተሩ 11 ኪሎ ዋት ነው፣ በደቂቃ ወደ 2,900 ጊዜ ይዞራል። የኮፕሊንጉ (የሞተሩንና የፓምፑን ሻፍት፣ ማለትም የሚሽከረከረውን ዘንግ፣ የሚያያይዘው ዕቃ) ጎማ በየሁለት ወሩ ተፈርፍሮ ያልቃል። በኮፕሊንጉ በኩል ያለውንም የሞተር ኩሽኔታ (ሻፍቱን የሚሸከመውን ባለ ቦል ቀለበት) ደጋግሜ ቀይሬያለሁ። ስገጥም በብረት ማስመሪያ እያየሁ አስተካክላለሁ። ሥራ አስኪያጃችን «የምትገዛው ኩሽኔታ ፎርጅድ ነው» ይለኛል። የየት አገሩን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው የየትም አገር ኩሽኔታ አትግዛ። ፎርጅድ ዕቃ ገበያ ላይ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፎርጅድ ኩሽኔታ የኮፕሊንግ ጎማ አይፈጭም። ጎማውና ኩሽኔታው አብረው ሲያልቁ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የሞተሩና የፓምፑ ሻፍት በአንድ መስመር ላይ አለመሆናቸው ነው። ነገ ጠዋት ባትሪ ይዘህ ኮፕሊንጉ ሥር ተመልከት። ጥቁር የጎማ ዱቄት ካየህ ማስረጃህን አገኘህ።

ለሥራ አስኪያጅህ ደግሞ ይህን አስረዳው። የቦል ኩሽኔታ ዕድሜ ጭነቱ በጨመረ ቁጥር የሚቀንሰው በሦስተኛ ኃይል ነው፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። አራት ዓመት መሥራት የሚችል ኩሽኔታ በስድስት ወር ያልቃል ማለት ነው። መስመሩ እንደተዛባ እስከቆየ ድረስ ከጀርመን የመጣውም ከጃፓን የመጣውም መጨረሻው አንድ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መቀየሪያውን አጥፋ፣ ፊውዙን ነቅለህ ኪስህ ክተት፣ ሳጥኑን ቆልፈህ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ጽሑፍ ለጥፍበት። ሆቴል ውስጥ ውሃ ሲቋረጥ ከላይ ሮጦ መጥቶ ማስነሻውን የሚጫን ሰው አይጠፋም፤ ያን ጊዜ እጅህ ኮፕሊንጉ ላይ ነው።

መጀመሪያ እግሮቹን መርምር። አራቱም የሞተሩ እግሮች መቀመጫውን እኩል መርገጥ አለባቸው። ብሎኖቹ ሁሉ እንደጠበቁ የዳያል ጌጁን (በጣም ትንሽ እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ) ጫፍ አንዱ እግር ላይ አሳርፈህ ዜሮ አድርግና የዚያን እግር ብሎን ብቻ ፍታ። መርፌው ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከሄደ እግሩ ቀድሞም አልረገጠም፤ በግድ ያስረገጠው ብሎኑ ነው። አጥብቀህ ወደሚቀጥለው እለፍ። ይህን ሳያስተካክሉ መስመር ለማስያዝ መታገል ከንቱ ድካም ነው፤ ብሎን በተጠበቀ ቁጥር ንባቡ ይለዋወጣል፣ የሞተሩም አካል ተጣሞ ኩሽኔታውን ያስጨንቃል። ከእግሩ ሥር ዝገቱን፣ የቀለሙን ቅርፊትና የሲሚንቶውን ፍርፋሪ ጥረግ። ከዚያ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው በታወቀ ስስ የብረት ቅጠሎች) ለካ። በአንዱ ጥግ ገብቶ በሌላው እምቢ ካለ እግሩ ወይም መቀመጫው ተጣሟል፤ ያ የቶርኖ ቤት ሥራ እንጂ ከእግሩ ሥር በሚገባ ንጣፍ የሚፈታ አይደለም።

ለንጣፍ የሚሆነው በእግሩ ልክ የተቆረጠ የማይዝግ ብረት ወይም የነሐስ ላሜራ ነው። የዘይት ጣሳ ቆርጠው የሚያስገቡ ባለሙያዎች አሉ፤ ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል። ጣሳ ይዝጋል፣ ይጨፈለቃል፣ ከወር በኋላ ልኩን አታገኘውም። ከአንድ እግር ሥርም ከሦስት ወይም ከአራት ላሜራ በላይ አትደርድር፤ ብዙ ስስ ንጣፍ ሲደራረብ ይረግባል። አንድ ወፍራምና አንድ ሁለት ስስ ይበቃል።

ቀጥሎ ቧንቧው አለ። በአሮጌዎቹ የፒያሳ ሕንፃዎች ፓምፕ ሲቀየር አዲሱ ፍላንጅ (በብሎን የሚታሰረው የመጋጠሚያ ከንፈር) ከነባሩ ቧንቧ ጋር ሳይገጥም ይቀርና በብሎን እየሳቡ በጉልበት ያገናኙታል። ከዚያ ወዲያ ቧንቧው ሌት ተቀን ፓምፑን ይገፋል። ዳያል ጌጁን ሞተሩ ላይ አስረህ ጫፉን የፓምፑ ኮፕሊንግ ላይ አሳርፍ። ቫልቮቹን ዝጋ፣ ውሃውን አውጣ፣ መጀመሪያ የመምጠጫውን ቀጥሎ የመግፊያውን ፍላንጅ ብሎኖች ፍታ። እዚህም መርፌው ከ0.05 በላይ ከተንቀሳቀሰ ቧንቧው መቆረጥና በልኩ እንደገና መበየድ አለበት፤ የራሱም ድጋፍ ያስፈልገዋል። ወጪ ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን በዚያ ሁኔታ ላይ የቱንም ያህል አሳምረህ መስመር ብታስይዝ ፓምፑ ከውስጥ ተጨንቆ ነው የሚዞረው።

ሁለቱ ከተስተካከሉ በኋላ ልኬቱ ይጀምራል። ማስመሪያውን አስቀምጠው። በማስመሪያና በዓይን ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ልዩነት ማየት አስቸጋሪ ነው፤ በደቂቃ ወደ 3,000 ለሚዞር ሻፍት ደግሞ ይህ ራሱ ብዙ ነው። ዳያል ጌጁን በፓምፑ ኮፕሊንግ ላይ እሰርና ጫፉን የሞተሩ ኮፕሊንግ ዙሪያ ላይ አሳርፍ። ከላይ ዜሮ አድርገህ ሁለቱንም ሻፍት አብረህ ግማሽ ዙር አዙር። ከታች የምታነበው የእውነተኛው ልዩነት እጥፍ ነው፤ 0.20 ካልክ የሁለቱ ሻፍት ከፍታ የተለያየው በ0.10 ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የ0.20 ላሜራ ያስገባና ሞተሩን በሌላው አቅጣጫ ያሳስተዋል። ሌላም አለ፤ ጌጁን የሚሸከመው ዘንግ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። አስቀድመህ ቀጥ ባለ ወፍራም ቧንቧ ላይ አስረህ ከላይ ወደ ታች አዙረው፤ ያነበብከውን ጉብጠት በሂሳብህ አስገባ።

ይህ ከፍና ዝቅ ማለቱ ነው። ሻፍቶቹ በማዕዘንም ሊዛቡ ይችላሉ፤ ያ በሁለቱ ኮፕሊንጎች ፊት መካከል ባለው ክፍተት ይታወቃል። እንበል የኮፕሊንጉ ዲያሜትር 120 ሚሊ ሜትር ነው፣ ክፍተቱም ከላይ ከታቹ በ0.10 ይሰፋል። የሞተሩ ኋላ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ከኮፕሊንጉ እስከ ፊት እግር 150፣ እስከ ኋላ እግር 400 ሚሊ ሜትር ከሆነ 0.10ን ለ120 አካፍለህ በየርቀቱ አባዛው። የፊት እግሮች በ0.125፣ የኋላዎቹ በ0.33 ይነሳሉ። ከፍታውን ለማስተካከል ያገኘኸውን ደግሞ በአራቱም እግሮች ላይ ደምር ወይም ቀንስ። መጀመሪያ የላይና የታቹን በላሜራ ጨርስ፤ የግራና ቀኙ ሞተሩን በመግፊያ ብሎን ቀስ እያሉ በማንሸራተት የሚደረግ ነው። በመዶሻ አትምታው፤ መዶሻው የሚያርፈው ልታድነው በፈለግከው ኩሽኔታ ላይ ነው።

በዚህ ፍጥነት የከፍታውን ልዩነት ከ0.05፣ የክፍተቱን ልዩነት ደግሞ በ100 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ከ0.05 በታች አድርሰው። የኮፕሊንጉ ካታሎግ ከዚህ ብዙ እጥፍ እንደሚፈቅድ ታያለህ፤ አያዘናጋህ። ካታሎጉ ጎማው ሳይበጠስ የሚችለውን ነው የጻፈው፤ ኩሽኔታህና ሜካኒካል ሲል የሚባለው (በሻፍቱ ዙሪያ ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋው ክፍል) ስለሚችሉት የሚለው የለም።

የመጨረሻው ሙቀት ነው። ያንተን የመሰለ ባለ 11 ኪሎ ዋት ፈጣን ሞተር በተለመደው ደረጃ 160 የሚባለው ነው፤ ከእግሩ እስከ ሻፍቱ መሃል 160 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አካሉ ሲሠራ በ30 ዲግሪ ቢሞቅ ሻፍቱ ወደ 0.05 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ፓምፑ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚያልፍበት ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከፓምፑ በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ሲሞቅ ይገናኛሉ። አንድ ሰዓት አሠርተህ አጥፋና ሳይቀዘቅዝ እንደገና ለካ፤ የራስህን ማሽን ትክክለኛ ቁጥር የምታገኘው ያኔ ነው።

ያገኘኸውን ሁሉ በደብተር ጻፍ፦ ቀኑን፣ በየእግሩ ሥር ያለውን ላሜራ፣ የመጨረሻውን ንባብ። ወጣት ሳለሁ የነበሩት አለቃዬ በየጠዋቱ እጃቸውን ኩሽኔታው ቤት ላይ አሳርፈው የተሰማቸውን በደብተር ያሰፍሩ ነበር። የሚነድ ኩሽኔታ ከመጮኹ ብዙ ቀን አስቀድሞ በዚያ ደብተር ላይ ይታይ ነበር።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ካዛንቺስ ውስጥ የምግብ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። የወጥ ቤቱን ጢስ የሚስበው ፋን ጣሪያ ላይ ነው። ቅባትና ጥቀርሻ ስለያዘው ሠራተኞቻችን እጃቸው የደረሰውን ያህል ፈቀፈቁት፤ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ይንቀጠቀጣል። ቴክኒሻናችን የንዝረት መለኪያ ተውሶ 8 ሚሊ ሜትር በሰከንድ አነበበ። ኢምፔለሩ (ባለ ቢላው የሚሽከረከር ክፍል) 70 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ በቀጥታ በ7.5 ኪሎ ዋት ሞተር ሻፍት ላይ ተገጥሞ በደቂቃ 1,450 ይዞራል። ወደ ባላንስ ቤት ለመውሰድ ክሬን ያስፈልጋል ተባልን። ሌላ መንገድ የለም?

መልስ፦ እህቴ፣ አለ። አስቀድሞ ግን ፋኑን እስኪስተካከል ድረስ እንዳያሠሩት እለምንዎታለሁ። እስከ 15 ኪሎ ዋት ላለ ማሽን ዓለም አቀፉ የንዝረት መለኪያ ደረጃ ከ4.5 ሚሊ ሜትር በሰከንድ በላይ ያለውን አደገኛ ይለዋል፤ በደህና የሚሠራ ከ1.8 በታች ነው። የእርስዎ 8 ነው።

ያባባሰው ቅባቱን በከፊል መፋቁ ነው። ቅባት ዙሪያውን እኩል ሲይዝ ያከብዳል እንጂ ብዙ አያንቀጠቅጥም፤ ከአንድ ወገን ብቻ ሲነሳ ግን ሌላው ወገን ይከብዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ኢምፔለሩ ብረቱ እስኪታይ፣ ከኋላ በኩልም ጭምር ይጽዳ። ያን ጊዜ ስንጥቅ፣ በዝገት የሳሳ ቢላ፣ የላላ ብሎን ይፈለግ። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚሁ ላይ ያበቃል። ፋኑ የተቀመጠበት የብረት መቆሚያም ሳይታይ አይታለፍ፤ ብየዳው የለቀቀ መቆሚያ ላይ ባላንስ ማድረግ አይቻልም።

ከዚህ በኋላም ከተንቀጠቀጠ ባለበት ባላንስ ይደረጋል። የመኪና ጎማ ባላንስ ሲደረግ ሪሙ ላይ የምትለጠፈውን ትንሽ እርሳስ አይተው ይሆናል፤ ሥራው ያው ነው። የሚከተለውን ለቴክኒሻንዎ ይስጡት፤ የንዝረት መለኪያው ብቻ ይበቃዋል።

ኩሽኔታው ቤት ላይ አንድ ነጥብ ምልክት አድርግ፤ ልኬቱ ሁሉ ከዚያ ነጥብ ይወሰድ። ያለ ምንም ክብደት አሠርተህ ለካ። ከዚያ ከመሃሉ እኩል ርቀት ላይ፣ እንበል 300 ሚሊ ሜትር ላይ፣ በ120 ዲግሪ የሚራራቁ ሦስት ቦታዎችን 1፣ 2፣ 3 ብለህ ምልክት አድርግ። 10 ግራም የሙከራ ክብደት ቦታ 1 ላይ በደንብ አስረህ አሠራና ለካ፤ ወደ 2፣ ከዚያ ወደ 3 እያዛወርክ ድገም። እንበል ያለ ክብደት 8፣ በቦታ 1 5.3፣ በቦታ 2 8.7፣ በቦታ 3 12.8 አነበብክ። ወረቀት ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ሥራና ሦስቱን ቦታዎች ክቡ ላይ አስቀምጥ። ከነጥብ 1 ተነስተህ 5.3፣ ከነጥብ 2 8.7፣ ከነጥብ 3 12.8 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ያላቸው ክቦች ሥራ። ሦስቱ ክቦች በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። በዚህ ምሳሌ መገናኛው ከመሃሉ 5 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ አቅጣጫው ከቦታ 1 ወደ ቦታ 2 በኩል 40 ዲግሪ ነው። የሚጨመረው ክብደት 10 ሲባዛ በ8፣ ሲካፈል ለ5፣ ማለትም 16 ግራም ነው፤ ቦታውም ያ አቅጣጫ ነው። ክቦቹ ተራርቀው ከቀሩ ግን ችግሩ ሚዛን ብቻ አይደለም፤ ወደ ብሎኑና ወደ መቆሚያው ተመለስ።

አሥራ ስድስት ግራም ትንሽ ይመስላል፤ በ300 ሚሊ ሜትር ርቀት በዚህ ፍጥነት ሲዞር ግን 11 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ኩሽኔታውን ይጎትታል፣ ያውም በሰከንድ 24 ጊዜ አቅጣጫውን እየለዋወጠ። ለፋን የተለመደው የባላንስ ደረጃ ጂ 6.3 ነው፤ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይሶ) ደንብ ዛሬ አይሶ 21940 ክፍል 11 ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የቀድሞውን አይሶ 1940 ተክቶ የወጣ ነው። በዚያ ስሌት ለእርስዎ ኢምፔለር በዚሁ ርቀት ላይ የሚፈቀደው ቀሪ ልዩነት ወደ 10 ግራም ገደማ ነው።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። ክብደቱ በብየዳ የሚያዝ ከሆነ የብየዳው ማሽን መሬት መቆንጠጫ እዚያው ኢምፔለሩ ላይ ይያዝ፤ መቆሚያው ላይ ከተያዘ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው በኩል ያልፍና ቦሎቹን ያቃጥላቸዋል። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ሙከራ ክዳኑ ይዘጋ፣ ከኢምፔለሩ ትይዩም ማንም አይቁም። ሦስተኛ፣ በሙከራዎቹ መካከል ሞተሩ ይረፍ። ሞተር ሲነሳ ብዙ ከረንት ይስባል፤ መደበኛ ሞተሮች የሚሠሩት ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩን የማቀዝቀዝ አቅሙ ያነሰ ነው።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ኢምፔለሩ ከዲያሜትሩ አንጻር ጠባብ ሲሆን ነው። ስፋቱ ከዲያሜትሩ ግማሽ ካለፈ በሁለቱም ጎን መመዘን ስላለበት ይህ ዘዴ ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ፦ መርካቶ ወፍጮ ቤት አለኝ። ሦስት ቺንጋ ያለው ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት መዘውር) ላይ አንዱ ብቻ ደጋግሞ ይበጠሳል፤ እየተበጠሰ እቀይረዋለሁ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አባቴ፣ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ዓይነት ይቀይሩ። አሮጌዎቹ ተለጥጠዋል፤ አዲሱ ብቻውን ጭነቱን ይሸከምና ይበጠሳል። ከዚያ በሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ላይ ሲባጎ ይወጠር። ሲባጎው የሁለቱንም ፊት በአራት ቦታ መንካት አለበት፤ አንዱ ጋ ከራቀ ሞተሩ ይንቀሳቀስ። ለእንዲህ ያለ ቺንጋ የሚታገሠው ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው፤ በአንድ ሜትር ርቀት ዘጠኝ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የፑሌጃው ቦይ ግድግዳ ተቦርቡሮ ከሆነ አዲስ ቺንጋም አይበረክትም፤ ቶርኖ ቤት ይታይ። ወፍጮዎ መዶሻ ያለው ከሆነ መዶሻዎቹን ሲቀይሩ ፊት ለፊት የሚተያዩት በሚዛን እኩል ይሁኑ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ካለ ማተሚያ ቤት ነው የምጽፈው። የተቃጠለ ሞተር አስጠምጥመን ስናስነሳው ይንዘረዘራል። የጠመጠመው ሰው የሻፍቱ ባላንስ ነው ይላል፤ የቶርኖ ባለሙያው ጥምጥሙ ነው ይላል። ማንን እንመን?

መልስ፦ ሞተሩን ከማሽኑ ለያዩና ብቻውን አስነሱት። በሙሉ ፍጥነት ሲዞር መብራቱን አጥፉና ንዝረቱን በእጅ ወይም በመለኪያ ተከታተሉ። መብራቱ በተቋረጠበት ቅጽበት ንዝረቱ አብሮ ከጠፋ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ በአገራችን 50 ኸርዝ ላይ እንዲህ ያለው ንዝረት በሰከንድ 100 ጊዜ ነው የሚመታው። ፍጥነቱ እየቀነሰ ሲሄድ ንዝረቱም ቀስ በቀስ ከቀነሰ ነገሩ የብረቱ ነው፣ ወይ ሚዛን ወይ የጎበጠ ሻፍት። ብቻውን ሰላማዊ ሆኖ ከማሽኑ ጋር ሲገናኝ ብቻ ከተንዘረዘረ ሁለቱም ባለሙያዎች ንጹሕ ናቸው፤ ለፒያሳው ወንድማችን የጻፍኩትን ሥሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሥራ ስጀምር በሌዘር የሚለካ የአላይመንት (ሻፍቶችን በአንድ መስመር የማስያዝ) መሣሪያ ያስፈልገኛል ወይስ በዳያል ጌጅ መሥራት ይበቃኛል? ሌዘሩ በጣም ውድ ነው።

መልስ፦ ልጄ፣ ሌዘር ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ፈጣን ነው፣ የዘንግ ጉብጠት የለበትም፣ በየእግሩ የሚገባውን ላሜራ ራሱ አስልቶ ይነግራል። ነገር ግን የማይረግጥ እግርን አያስተካክልም፣ ቧንቧ አይቆርጥም፣ የተሳሳተ ርቀት ካስገባሽበት የተሳሳተ መልስ ይሰጥሻል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የምታውቅ ሰው ብቻ ናት ስህተቱን የምትይዘው። ስለዚህ በራስሽ ገንዘብ ማግኔት መቆሚያ ያለው ዳያል ጌጅ፣ ፊለር ጌጅና ማይክሮ ሜትር ግዢ፤ ሌዘሩን የሚቀጥርሽ ድርጅት ይግዛው።

ለልምምድ ሁለት አሮጌ ሞተሮች በአንድ የብረት ቤዝ ላይ አስቀምጪና ኮፕሊንጎቻቸውን ፊት ለፊት አድርጊ። ካስተካከልሽ በኋላ አውቀሽ በአንዱ ሞተር ፊት እግሮች ሥር 0.20 ላሜራ አስገቢ። ንባቡ ስንት መሆን እንዳለበት አስቀድመሽ በወረቀት አስዪ፣ ከዚያ ለኪ። ስሌቱና ንባቡ እስኪገጥሙልሽ ደጋግሚው፤ ከገጠሙልሽ በኋላ ላሜራውን ወደ ኋላ እግሮቹ አዛውሪና እንደገና ጀምሪ።